የሽመክት ድንኳን

በሆራ ጫሌ ሰው ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው ስልኩን ነው። ጭልፊቷ፣ የጽዳት ቢሮው ድሮን፣ ጎህ ሳይቀድ በከተማው ላይ ታልፋለች። መብራት የላትም፣ ድምፅዋም ከትንኝ አይበልጥም። ከላይ ሆና የምታየው ሙቀት ነው፤ መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ ከስር የሚሞቅ ነገር ካለ አይሰወራትም። ካለፈች በኋላ የየግቢው ቀለም በየባለቤቱ ስልክ ይመጣል። ሰማያዊ ከሆነ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነ ጉድጓዱ አፍስሷል፣ ፍሳሹ ወደ አፈሩ እየገባ ነው። ሁለት ጊዜ ቢጫ የታየበት ግቢ በሦስተኛው ቀይ ይሆናል፤ ቀይ የሆነ ቤት ይታሸጋል።

ስለዚህ "እንደምን አደራችሁ?" ሲባል "ሰማያዊ፣ ተመስገን" ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። የእግዜር ሰላምታ የት ሄደ ብሎ የሚቆጣ ሽማግሌ አልፎ አልፎ ይገኛል። እሱም ቢሆን ስልኩን ሳያይ ከአልጋው አይወርድም።

ሰዉ ኑሮውን በዚህ ልክ ቀዶ ሰፍቶታል። ጭልፊቷ ሳታልፍ የሞቀ ውሃ ደጅ የሚደፋ የለም። ውሻ መሬት ላይ አይተኛም፤ የተኛበት ቦታ ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ በረንዳ ላይ ታስሮ ያድራል። አንድ ቤተሰብ ላማቸው ጓሮ ውስጥ በወለደችበት ሌሊት ቢጫ ተሰጥቷቸው፣ ጥጃውን ይዘው ቢሮ ድረስ ሄደው ተከራክረዋል፤ አልተሳካላቸውም። በበጋ ግቢው ውስጥ ብቻውን የለመለመ ሣር ያየ ሰው ጎረቤት ሳያይበት ይነቅለዋል። ድሮ ሰው በለምለም ግቢ ይኮራ ነበር ሲባል ልጆች ይስቃሉ።

ይህም ሆኖ ጭልፊቷን የሚጠላ ሰው ብዙ አይደለም። የከተማው ሐይቅ በየጉድጓዱ ፍሳሽ አረንጓዴ ሆኖ የገማበትን፣ አተት በየቤቱ የገባበትን ክረምት ሁሉም ያስታውሳል። ያኔ የእድሩ ድንኳን ከአንዱ ግቢ ተነቅሎ ሌላው ግቢ ሲተከል ሸራው ለመድረቅ እንኳ ጊዜ አላገኘም። ጭልፊቷ ስትመጣ ሰው አጨብጭቦ ነው የተቀበላት። ጭብጨባው ከቆመ ቆይቷል፤ እሷ ግን አልቆመችም።

የታሸገ ቤት ባለቤቶች ከከተማው ውጭ ወዳሉት ብሎኮች ይወሰዳሉ። ጊዜያዊ ነው ይባላል። ክፍሉ አንድ ነው፣ መጸዳጃው የጋራ ነው፣ የመጸዳጃው በር የሚከፈተው በጣት አሻራ ነው፤ ማን ስንቴ እንደገባ ይመዘገባል። ከዚያ ተመልሶ የቤቱን ቁልፍ የተረከበ ሰው እስካሁን አልታየም።

ገዛኸኝ የሒሳብ መምህር ነው። ሚስቱ ውድነሽ በረንዳዋ ላይ ልብስ ትሰፋለች። ልጆቻቸው አግብተው ሌላ ከተማ ይኖራሉ። ቤቱን የሠሩት ሁለቱ ናቸው። ብሎኬቱን ደሞዝ በደረሰ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እየገዙ ነው ያቆሙት፤ ግድግዳው እስኪጠነክር ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጣችው ውድነሽ ነበረች፣ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ። ጉድጓዱ ግን ከቤቱም ከእነሱም ይቀድማል። የገዛኸኝ አባት ያስቆፈሩት፣ በድንጋይ የተገነባ፣ በዘመኑ የተመሰገነ ጉድጓድ ነው። አሁን የጉድጓዱ ግድግዳ በአጥሩ በኩል ተሰንጥቋል።

ሁለተኛው ቢጫ የመጣ ዕለት ገዛኸኝ ስልኩን ለሚስቱ አሳይቶ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ መስሏት ነበር። ጫማውን አስሮ ሲጨርስ ግን እንደተቀመጠ ቀረ።

"ቦቴ ይጠራና ይምጠጥልን" አለች።

"ቦቴ የጠራ ሰው የት እንደሚገባ አታውቂም?"

ታውቃለች። የድንጋይ ጉድጓድ ያለው ሰው ቦቴ ሲጠራ ከቦቴው ቀድሞ የሚመጣው አሻጊው ነው። በደንቡ የድንጋይ ጉድጓድ ይደፈናል እንጂ አይጠገንም። አዲስ ይቆፈር እንዳይባል ደግሞ ከአዲስ ጉድጓድ እስከ ጎረቤት አጥር ሊኖር የሚገባው ርቀት በእነሱ ግቢ አይገኝም። ብዙ ሰው እንዲህ ነው፤ እየፀለየ ይኖራል።

ገዛኸኝ ግን የሚፀልይ ዓይነት ሰው አልነበረም። ከውጭ በኩል ቆፍሮ ግድግዳውን ማግኘት፣ ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን፣ አፈሩን መመለስ። ሁለት ሌሊት ይበቃል። ችግሩ አዲስ የተቆፈረ እርጥብ አፈር ለጭልፊቷ እንደ ምድጃ ነው የሚታያት። በላዩ ዳስ መጣልም አይቻልም፤ ቀን ቀን ጫጩቶቹ ይዞራሉ። ጫጩት የሚሏቸው ትንንሾቹን ነው፣ ጭልፊቷ ስታርፍ የሚሠሩትን። አዲስ ቆርቆሮ ወይም አዲስ ሸራ ካዩ ከላዩ ቆመው የሚያዩትን እያዩ ይቆያሉ።

ከዚህ ሁሉ ነፃ የሆነ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ የለቅሶ ድንኳን። ለሠርግ ድንኳን ቀድሞ ማስፈቀድ ግዴታ ነው፤ ሠርግ ድንገት አይመጣም ባይ ነው ቢሮው። ለቅሶ ግን ድንገት ይመጣል። ደንቡ በወጣ ጊዜ የእድር ዳኞች ሆ ብለው ተነስተው፣ ሐዘንተኛ በላዩ ላይ ዓይን ተተክሎበት አያለቅስም ብለው አስወስነዋል። የእድሩ ዳኛ ደውሎ ሞት አለ ካለ፣ ድንኳኑ እስከ ሣልስት አይነካም፤ ጭልፊቷም ግቢውን በግራጫ ታልፈዋለች። ድንኳኑ ከጊዜው ቀድሞ ከወረደ ግን ጫጩት ወዲያው ትደርሳለች።

"ማን ሞቶ?" አለች ውድነሽ፣ ሐሳቡን ሲነግራት።

ገዛኸኝ ሻዩን አማሰለ።

"ሽመክት" አለ።

ሽመክት ታናሽ ወንድሙ ነው። ከመንገድ ሥራ ድርጅት ጋር ወደ በረሃ ሄዶ ወሬው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ስልኩ አይነሳም፤ ድርጅቱም ፈርሷል ይባላል። ሞቷል የሚል ሰው የለም። አለ የሚልም የለም።

"ወንድምህ እኮ ነው፣ ገዜ።"

"ወንድሜ ስለሆነ ነዋ። የሌላ ሰው ወንድም አልገድል።"

"አታሟርትበት።"

"በሕይወት ካለ ምንም አይሆንም። ከሌለ ደግሞ አንድ ሰው አላለቀሰለትም፤ ይለቀስለት።"

ውድነሽ በዚህ አነጋገሩ በጣም ተናደደች። ባሏ ከልጅነቱ ጀምሮ ለሁሉም ነገር መልስ አለው፤ መልሱ ልክ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል። በሰው ሞት አልቀልድም ብላ ተነስታ ወጣች። በረንዳው ላይ ቆማ ግን ግድግዳውን አየችው። በማግስቱ ጥቁር ቀሚሷን ከሣጥን አውጥታ ለአየር ሰጠችው፤ ስምምነቷ ይኸው ነበር።

ገዛኸኝ የእድሩን ዳኛ ጋሽ እርገጤን ቤታቸው ሄዶ አነጋገራቸው። ጋሽ እርገጤ ዕድሜያቸውን በሐይቁ ላይ ጀልባ ሲነዱ የኖሩ፣ ሐይቁ ከታመመ ወዲህ የሰው ሐዘን የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው። ሽመክት በረሃ ላይ መሞቱ ተሰማ ሲላቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ዋና ያስተማርኩት እኔ ነኝ" አሉ። ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ወደ ቢሮው ደወሉ።

እዚህ ላይ ስለ ገዛኸኝ እቅድ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ለቀስተኛ ቀን ይመጣል፣ ማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሌሊቱ የእሱና የዶማው ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነበር። ይህ ሰው ራሱ በስንት ለቅሶ ቤት አድሯል፤ በለቅሶ ቤት ካርታ ጨዋታም ስሙ የታወቀ ነው። ሐዘንተኛ ብቻውን እንዲያድር እንደማይተው ከማንም በላይ ያውቃል። በራሱ ለቅሶ ላይ ግን ይህን አልቆጠረውም። ምናልባት ውሸት መሆኑን እሱ ስለሚያውቅ፣ ሰዉም የሚያውቅ መስሎት ይሆናል።

ድንኳኑ ተተከለ። በጋሽ እርገጤ ትእዛዝ ከበረንዳው እስከ ጓሮው ፓፓያ ድረስ ተዘርግቶ ጉድጓዱን ጭምር ሸፈነው፤ ገዛኸኝ እንዲህ እንዲሆን ብዙ መለመን አላስፈለገውም። ሰፈሩ በሙሉ መጣ። የትምህርት ቤቱ መምህራን መጡ። ሽመክትን በልጅነቱ የሚያውቁ፣ የማያውቁም መጡ። የአጥር ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። እትዬ አስካለ በአተቱ ክረምት አንዲት ልጃቸውን ቀብረዋል፤ ከዚያ ወዲህ የሰፈሩን ለቅሶ የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ መሀል ቆመው ጀመሩ፦

አልሞተም ሽመክት መንገድ ነው ያራቀው፣
ደጁን ክፈቱለት ሲመጣ እንዳይጨንቀው።

ውድነሽ አለቀሰች። ለማስመሰል አልነበረም። የእትዬ አስካለ ድምፅ ሲንቀጠቀጥ አፈረች። በድንኳኑ የጓሮ ጫፍ ያለው ስንጥቅ ወደ ማን አጥር እንደሚያይ ታውቃለችና ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።

ገዛኸኝ ግን ማልቀስ አቃተው። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ የሰዉን ብዛት ይቆጥር ነበር። ይህ ነገር በሰዉ ዘንድ በሌላ ተተረጎመ።

"አላለቀሰም እኮ" አሉ ጋሽ እርገጤ በሹክሹክታ። "እንዲህ ያለው ሐዘን ነው ሰው የሚገድለው። ዛሬ ብቻውን እንዳይሆን።"

በመሸ ጊዜ ገዛኸኝ እየዞረ፣ ደክሟችኋል፣ ነገ ሥራ አላችሁ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ ይል ነበር። "አንተን ጥለን?" ይሉታል። ሃያ ያህል ወንዶች ፍራሽና ጋቢ ይዘው ቀሩ። ካርታ ተዘረጋ። እሱም እንዲጫወት ተጋበዘ፤ ተጫወተ፣ ተሸነፈ። ዶማው ከፓፓያው ስር በከረጢት እንደተሸፈነ አደረ።

ሲነጋ ስልኩ ላይ ግራጫ መጣ። በዚያው ጠዋት ውድነሽ ወደ ጓሮ ዞራ ሄዳ ተመለሰች። መልኳ ተቀይሮ ነበር።

"ና እይ" አለችው።

ሳህን የሚያህል እርጥብ ቦታ የነበረው አሁን ትሪ ያህል ሆኗል። መሬቱ ሲረግጡት ይለሰልሳል። ገዛኸኝ ያላሰበው ሌላው ነገር ይህ ነው፤ መቶ ሃምሳ ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተራ በተራ ሽንት ቤታቸውን ተጠቅሟል። ለቀስተኛን ሽንት ቤት አትግባ አይሉትም። ዛሬ ደግሞ ከትናንት የበለጠ ሰው ይመጣል። ነገ ሣልስት ነው፣ ድንኳኑ ይነሳል፣ ከነገ ወዲያ ጎህ ሳይቀድ ጭልፊቷ ታልፋለች።

"ቀን ነው የምቆፍረው" አለ ገዛኸኝ።

"ሰው ሞልቶ?"

"ሰው ሲሞላ ነው ደግሞ ጫጫታ የሚኖረው።"

ከሰዓት በኋላ ወደ ጋሽ እርገጤ ጠጋ ብሎ፣ ትንሽ ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ፣ ለቅሶው በሰው ፊት እምቢ አለኝ አላቸው። ጋሽ እርገጤ ይህን ሲጠብቁ የነበሩ ይመስል ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። የድንኳኑ የጓሮ ጫፍ በሸራ እንዲከለል አዘዙ። ወጥ የሚሠሩትን ሴቶች ወደ በረንዳው አዛወሩ። ከዚያም ለሰዉ እንዲህ አሉ፦ "ሚስቱ ብቻ ትግባ። ማንም ሸራውን እንዳይገልጥ። ይውጣለት። እትዬ አስካለ፣ እርስዎ ደግሞ ዜማውን ያንሱት፤ ሰው ሰማኝ ብሎ እንዳይሳቀቅ።"

እትዬ አስካለ አነሱት። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ከከተማው ማዶ በመኪና የመጡ ዘመዶችም በዚያው ሰዓት ደርሰው ከበሩ ጀምሮ እየጮሁ ገቡ። በዚህ ሁሉ መሀል ከሸራው ጀርባ ዶማ መሬት ሲመታ የሰማ ሰው አልነበረም።

ውድነሽ ገመድ ካልታሰርክ አትገባም አለችው። ሳቀባት፤ የሚገባው ጉድጓዱ ውስጥ ሳይሆን ከጉድጓዱ ጎን እሱ ራሱ በሚቆፍረው ቦይ ውስጥ ነው። ቢሆንም ጊዜ ስላልነበረው እሺ አለ። ገመዱን በብብቱ ስር አዙራ አሰረችው፤ ሌላውን ጫፍ ፓፓያው ግንድ ላይ ጠመጠመችው። በመቀሷ የሲሚንቶውን ከረጢት ከፈተች። ልብስ ሰፊ ስለሆነች መቀሷ ከኪሷ አይጠፋም።

አፈሩ ለስላሳ ነበርና ቶሎ ደረት ድረስ ገባ። የአባቱን ድንጋዮች አገኛቸው። ስንጥቁ ከገመተው ይሰፋል፤ ጥቁር ውሃ በቀጭኑ ይወርድበታል። ሽታው ዓይን ያስለቅሳል።

"ሲሚንቶውን አቀብይኝ" አለ። ድምፁ የደስታ ድምፅ ነበር። ሒሳቡ ሊወጣለት ነው።

ከዚያ አንዱን የላላ ድንጋይ ለማስተካከል ገፋ አደረገው። ድንጋዩ ወደ ውስጥ ገባ። ከላዩ ያለው ተከተለው። ጥቁሩ ውሃ በአንድ ጊዜ ቦዩ ውስጥ ገነፈለ። ገዛኸኝ ለመውጣት እጁን ጠርዙ ላይ አኖረ፤ አንድ ጊዜ ሳለ፣ ከዚያ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዘመም አለ። ጉልበቱ ታጠፈ። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ያለው አየር ሰው እንደሚገድል ሁለቱም ሲነገር ሰምተው ያውቃሉ፤ ለሌላ ሰው የሚነገር ነገር መስሏቸው ነው።

ውድነሽ ገመዱን ያዘች። ሳበች። ባሏ ከባድ ሰው ነው። ከፍ የሚለው እስከ አገጩ ብቻ ነው፤ ገመዱን ላላ ስታደርገው ፊቱ ውሃው ውስጥ ይገባል። አንድ ዙር ፓፓያው ላይ ጨመረችና በሰውነቷ ክብደት ወደ ኋላ ተደግፋ ያዘችው። እዚህ ላይ ገባት። ልታወጣው አትችልም። ለቅቃው ሰው ልትጠራም አትችልም።

"ኧረ ሰው!" ብላ ጮኸች። "ድረሱልኝ! ገዛኸኝ ወደቀብኝ!"

ከሸራው ማዶ ያለው ለቅሶ ከፍ አለ።

"ድረሱልኝ! ባሌ እየሞተ ነው!"

በለቅሶ ቤት ድረሱልኝ የማይል የለም። ከማዶ የጋሽ እርገጤ ድምፅ ተሰማት፤ ሰው እያረጋጉ ነበር። "ተዉት፣ አትግቡ" ይላሉ። "ተመስገን፣ አሁን ወጣለት። እንዲህ ወድቆ ካላለቀሰ አይቀለውም።" ሁለት ወንዶች ተነስተው እንደነበርና እሳቸው እጃቸውን ይዘው እንዳስቀመጧቸው በኋላ ተነግሯታል።

"ለቅሶ አይደለም!" አለች። "እትዬ አስካለ! እውነቴን ነው! ሸራውን ግለጡት!"

እትዬ አስካለ ሸራው አጠገብ ነበሩ። ጥላቸው ይታያታል። "አውቃለሁ ልጄ" አሉ በዚያ በሚያባብል ድምፃቸው። "እኔም ለልጄ እንዲህ ብያለሁ። ለቅሶ አይደለም፣ ሞት አይደለም፣ ብያለሁ። አይዞሽ። ያዢው፣ እቀፊው።" ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው ዜማውን አነሱ፤ የማዶው ሰው ሁሉ ተቀበላቸው። ውድነሽ ከዚያ በኋላ የጮኸችውን እሷም ራሷ አልሰማችውም።

የገዛኸኝ ከንፈር መልኩን መለወጥ ጀመረ።

ዞር ብላ አየች። የድንኳኑ የኋላ ገመዶች ሁሉ የታሰሩት ከፓፓያው አጠገብ በተመታ አንድ ወፍራም ካስማ ላይ ነው። ቢሮው ያየዋል፣ ቤቱ ይሄዳል የሚል ሐሳብ አልመጣላትም ቢባል ውሸት ነው። መጥቶላታል። በረንዳዋም የስፌት መኪናዋም ውሃ ያጠጣችው ግድግዳም ባንድ ላይ ታዩዋት። ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች አታውቅም፤ ረጅም ሊሆን አይችልም፣ የባሏ አገጭ ገና ከውሃው በላይ ነበርና። በአንድ እጇ ገመዱን እንደያዘች በሌላው መቀሷን አወጣች።

የመጀመሪያው ገመድ ሲቆረጥ ድንኳኑ ዘመም ብቻ አለ። ሁለተኛው ከባድ ነበር፤ የጨርቅ መቀስ ገመድ አይወድም። ሦስተኛው ላይ የኋላው ምሰሶ ብረት ተንጋደደ፣ ሸራው በሙሉ ተንሸራቶ በለቀስተኛው ራስ ላይ ወደቀ። ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ። ከሸራው ስር ጉምጉምታ፣ የወንበር ድምፅ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ተሰማ። ሰዎች በየጫፉ እየተሳቡ መውጣት ጀመሩ። ሲወጡ ያዩት ገመድ ላይ የተንጠለጠለችውን ውድነሽንና ከእግሯ ስር ያለውን ጥቁር ቦይ ነው።

የሚያስረዳቸው አላስፈለገም። ወንዶቹ ገመዱ ላይ ተረባረቡ። አንዱ ወጣት ዘሎ ሊገባ ሲል ጋሽ እርገጤ በኮሌታው ይዘው ወደ ኋላ ጣሉት፤ "ማንም እንዳይገባ! ሳቡ ብቻ!" አሉ። ሳቡት። ገዛኸኝ እስከ ወገቡ ወጣ፣ ጠርዙ ላይ ተንጠለጠለ፣ ከዚያ በሙሉ ወጣ። ነጠላ ጠቅልለው አፉን ጠረጉለት። በጎኑ አስተኙት፤ ጀርባውን መቱት። አንድ ጊዜ ሳለ። ከዚያ አስታወከ። ከዚያ ተነፈሰ።

ውድነሽ መሬት ላይ ተቀመጠች። መዳፏ በገመዱ ተልጧል፤ ይህን ያወቀችው ደሙን ቀሚሷ ላይ ስታየው ነው።

ጫጩቷ መጥታ ነበር። ከፓፓያው በላይ ቆማ ትንሽ ትንሽ ትወዛወዛለች። ሰዉ አንድ በአንድ ቀና እያለ አያት፤ ከዚያ ቦዩን አየ፤ ከዚያ ቦዩ ወደ እትዬ አስካለ አጥር እንዴት እንደሚሄድ አየ። ስንጥቁ ባለበት በኩል አፈሩ እስከ አጥሩ ድረስ ጠቁሯል። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ሰብስበው ቆመው ነበር።

"ሽመክትስ?" አሉ።

ውድነሽ ከተቀመጠችበት ቀና አለች።

"የት እንዳለ አናውቅም፣ እትዬ።"

እትዬ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። በሁለት ቀን ያነቡት እንባ ሁሉ በፊታቸው ላይ ገና አልደረቀም። አጥራቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዞረው በተሸበሸበው ሸራ ላይ እየረገጡ ወጡ። ሌሎቹ ሴቶች ተከተሏቸው። ከለቅሶ ቤት ሲወጣ እግዜር ያጽናችሁ ይባላል፤ ዛሬ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጋሽ እርገጤ ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሳይደውሉም ሳይመልሱትም ቆመው ቀሩ።

የውድነሽ ስልክ ኪሷ ውስጥ ነዘረ። አላወጣችውም። የሚመጣውን ቀለም ታውቀዋለች።

ገዛኸኝ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ ያየው ሚስቱን አልነበረም። በጀርባው ተገልብጦ ወደ ላይ አየ፤ ሸራ መኖር በነበረበት ቦታ ሰማዩን አየ፣ በሰማዩ ላይ የቆመችውንም አየ። ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

"ድንኳኑን ማን አፈረሰው?" አለ። ድምፁ ተቆራርጦ ነው የወጣው።

ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ።

"እኔ ነኝ" አለች ውድነሽ። ተንፏቅቃ አጠገቡ ደረሰችና እጁን ያዘች። በዚያ ሁሉ ጭቃ ውስጥ እጁ ይሞቃል።

እጁን ሊነጥቃት ሞከረ። አለቀቀችውም።